ሩጫ ከጀመርኩ ወዲህ ጉልበቴን እያመመኝ ነው፣ ልተወው ወይስ ልቀጥል?

ማለዳ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለሁላችሁም። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ለሩጫ አዲስ ነኝ። ዕድሜዬ ሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፣ ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ማለት ነው፣ ትምህርት ቤት ከለቀቅኩ ወዲህ ስፖርት የሚባል ነገር ነክቼ አላውቅም። ዘንድሮ ግን ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ጋር ኅዳር ላይ ታላቁ ሩጫን አብረን እንሩጥ ተባባልንና ፍልሰታ እንደተፈታ ጀመርን። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከጠባሴ ተነስተን የአስፋልቱን ዳር ይዘን ዱብ ዱብ እንላለን። መጀመሪያ ያስቸገረኝ ትንፋሽ ነበር፣ የደብረ ብርሃንን ብርድና ከፍታ ታውቁታላችሁ። እሱ ቀስ በቀስ ለቀቀኝ።

ለእንቁጣጣሽ ቤተሰብ ጥየቃ ደብረ ሲና ወርጄ ነበር። በበዓሉ ማግስት ከአጎቶቼ ልጆች ጋር ከጣርማበር ዋሻ እስከ ከተማው ድረስ ቁልቁል ሮጥን። በጣም ደስ ይል ነበር፣ ትንፋሽ አይጨንቅም፣ እግር ራሱ ነው የሚወስደው። በነጋታው ጭኔ ተሳስሮ ደረጃ መውረድ አቃተኝ። የጭኑ ህመም ሄደ። ጉልበቴ ግን ይኸው መስቀል ሊደርስ ነው፣ አልለቀቀኝም።

የሚያመኝ ቀኙ ነው። ፊት ለፊት፣ ሎሚው ዙሪያና ከሎሚው ጀርባ። እዚህ ጋ ነው ብዬ በአንድ ጣት ማሳየት አልችልም፣ አሳዪ ስባል በመዳፌ ነው የምሸፍነው። ሜዳ ላይ ስራመድ ምንም አይለኝም። ደረጃ ስወርድ ይወጋኛል። ቢሮ ብዙ ተቀምጬ ስነሳ፣ ቡና ሲፈላ ደግሞ በርጩማ ላይ ቆይቼ ስነሳ ያዝ ያደርገኛል። አላበጠም፣ አልቀላም። ስታጠፍ ግን ክሽ ክሽ የሚል ድምፅ ያሰማል፣ እሱ ነው ያስፈራኝ። አጥንቱ እየተፋቀ ይሆን?

እናቴ "የሴት ልጅ ጉልበት ለሩጫ አልተፈጠረም፣ ተይው" ትለኛለች። አንዱ ጓደኛችን ደግሞ ዲክሎ ውጪና ሩጪ ይላል። እኔ መተው አልፈልግም። ከጀመርኩ ወዲህ እንቅልፌ ተስተካክሏል፣ ቀኔም ሌላ ሆኗል። ግን አርባ ሳይሞላኝ በከዘራ መሄድም አልፈልግም። የምታውቁ እባካችሁ ምከሩኝ።

ባሶና

እህቴ እግዜር ይማርሽ። እኔ ለጊዜው ሙሉ በሙሉ አቁሚው ነው የምልሽ። ጉልበት ቀልድ አያውቅም። አጎቴ ችላ ብሎ ብሎ ዛሬ ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ ሰው ይደግፈዋል። ጥሩ ወጌሻ ካገኘሽ አሽቶ ይመልስልሻል፣ ማታ ማታ ለብ ያለ ቅቤ ቀብተሽ በጨርቅ አስረሽ ተኚ። በዚህ ውርጭ ማለዳ መውጣቱም ጥሩ አይመስለኝም። ታላቁ ሩጫ እንደሆነ በየዓመቱ አለ።

ጉዶ በረት

እኔ ጫማው ነው ባይ ነኝ። የዛሬ ጫማ ስፖንጁ ከመወፈሩ የተነሳ እግር መሬት መርገጡን አያውቅም። አበበ ቢቂላ ከዚሁ ከእኛው ከሰሜን ሸዋ ከጃቶ የወጣ ጀግና ነው፣ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ማራቶኑን ያሸነፈው በባዶ እግሩ ነው። እኛም ልጅ ሆነን ትምህርት ቤት በባዶ እግር ስንመላለስ ጉልበቴን ያለ አልነበረም። አውልቂውና ሣር ላይ ሩጪ፣ ታዪዋለሽ።

ፊዚዮ_ሸዋ

ሰላም ማለዳ። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ የምሠራውም እዚሁ ዞናችን ውስጥ ነው። በእጄ ሳልነካው ይሄ ነው ብዬ አልፈርድም። ግን ነገሩን በደንብ ገልጸሽዋል። ከሎሚው ዙሪያ የሚነሳ፣ በአንድ ጣት የማይጠቆም፣ ደረጃ ሲወረድና ብዙ ተቀምጠው ሲነሱ የሚብስ ህመም አዲስ ሯጮች ይዘውት ከሚመጡት ሁሉ የተለመደው ነው። በሕክምናው ፓቴሎፌሞራል ፔይን ይሉታል፣ ብዙ ሰው የሯጮች ጉልበት ይለዋል። ሴቶች ላይ በብዛት ይታያል፣ ወንዶችም ላይ ግን ሞልቷል።

አመጣጡን ልንገርሽ። ቁልቁል ስትሮጪ የፊት ጭንሽ ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደትሽን ይይዛል፣ ከባድ መኪና ጣርማበርን ሲወርድ ፍሬኑ የሚግለው በዚሁ ምክንያት ነው። ያ ጫና የሚያልፈው በሎሚው በኩል ነው። ሎሚው ከጭን አጥንት ጋር እየተጫነ ይሠራል፣ ጉልበት በታጠፈ መጠን ደግሞ ጫናው ይጨምራል። በርጩማውም፣ ደረጃውም፣ ቁልቁለቱም የሚያገናኛቸው ይሄ ነው። ዳገትና ቁልቁለት ለምዶ ያደገ እግር ቀስ በቀስ ጠንክሮ ይችለዋል። ቢሮ የከረመ እግር ግን ጥቂት ሳምንት ሜዳ ላይ ዱብ ዱብ ብሎ በአንድ ጠዋት ያንን ሁሉ ቁልቁለት ሲቀበል ይቆጣል። ትንፋሽሽ ቶሎ ለመደ። ጡንቻ ከትንፋሽ ዘግይቶ ነው የሚለምደው፣ ጅማት ደግሞ ከጡንቻም ይዘገያል። አዲስ ሯጭ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው፣ ልብ "እንሂድ" ሲል እግር ገና አልደረሰም።

ስለ ድምፁ አትጨነቂ። እብጠት አብሮት እስካልመጣ ድረስ ክሽክሽታ ብቻውን የጉዳት ምልክት አይደለም፣ ጤነኛ ጉልበትም ይንኳኳል። እንዲህ ላለው ህመም ራጅም ኤምአርአይም በመጀመሪያው ቀን አያስፈልግም። ገንዘብሽን ያዢ።

"አጥንቴ ያልቃል" የሚለውን ፍርሃት ብዙ ሰው ስለሚያነሳው ትንሽ ልበልበት። በ2017 እ.ኤ.አ. ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ግምገማ ወጥቶ ነበር። ለጤናቸው ብለው ከሚሮጡት ውስጥ የጉልበት ወይም የዳሌ መገጣጠሚያ መበላት የተገኘባቸው 3.5 በመቶ ገደማ ነበሩ። ከማይሮጡትና ተቀምጠው ከሚውሉት ግን 10 በመቶ ገደማ። ለውድድር በሚሮጡት ላይ ቁጥሩ ወደ 13 በመቶ ከፍ ብሏል። ይሄ ሩጫ ጉልበትን ያድናል ለማለት አይበቃም፣ ከባድ ሰውና የታመመ ሰው ቀድሞውኑ ስለማይሮጥ ሊሆን ይችላልና። ግን እንደ አንቺ በልክ የሚሮጥ ሰው ጉልበቱን እየጨረሰ ነው የሚለው ወሬ መሠረት የለውም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ሙሉ በሙሉ ማቆም አያስፈልግሽም፣ እንዳለ መቀጠልም አይሆንም። መቀነስ ነው። ቁልቁለቱን ለጊዜው እርሺው። ሜዳ ላይ፣ ከተቻለ ሣር ላይ፣ ሁለት ደቂቃ ሶምሶማ አንድ ደቂቃ እርምጃ እያልሽ 20 ደቂቃ ያህል፣ ቀን እየዘለልሽ። ህመሙን ከ0 እስከ 10 ገምቺው። እስከ 3 ከሆነና በነጋታው ጠዋት ወደነበረበት ከተመለሰ ልኩን አግኝተሻል ማለት ነው። ከዚያ ካለፈ፣ ወይም በነጋታው ደረጃ ስትወርጂ ከበፊቱ ከባሰ፣ በሚቀጥለው ቀንሺ። ሲሻሻል መጀመሪያ ደቂቃውን ጨምሪ፣ ፍጥነቱን ቆይተሽ፣ ዳገትና ቁልቁለቱን ደግሞ ከሁሉም በኋላ። ሁለቱን በአንድ ሳምንት አትጨምሪ።

ማስታገሻን በሚመለከት፣ ዲክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌን ውጦ መሮጥ እሺ የማልለው ነገር ነው። ህመሙ እኮ የት ላይ ማቆም እንዳለብሽ የሚነግርሽ ነው፣ እሱን አፍነሽ በምን ታውቂያለሽ? በዚያ ላይ ጨጓራን ይጎዳል፣ ውሃ ሳይጠጡ ከሮጡ ደግሞ ኩላሊትን። ጨጓራ ያለበት ሰው በአገራችን ስንት እንደሆነ ታውቂያለሽ።

ባሶና ለሰጠው ምክር አክብሮት አለኝ፣ ከሐሳብ ነው የተናገረው። ጭንና ባትን ለስለስ አድርጎ ማሸት ሰውነትን ያፍታታል፣ አልቃወምም። ሎሚውን ራሱን መጫንና ጉልበትን መጠምዘዝ ግን ይቅር። ያበጠ ጉልበት ደግሞ በፍጹም አይታሽ።

ሆስፒታል ሳይውል ሳያድር መሄድ የሚያስፈልገው ጉልበቱ ካበጠ፣ ታጥፎ አልዘረጋ ብሎ ከተቆለፈ፣ ስትረግጪ ከከዳሽ፣ ከቀላና ትኩሳት ካመጣ፣ ወይም ተኝተሽም የሚያምሽ ከሆነ ነው። አንቺ ከጻፍሽው ውስጥ ከእነዚህ አንዱም የለም።

አንድ ነገር ሞክሪና ንገሪኝ። ዝቅ ያለ ደረጃ ላይ በቀኝ እግርሽ ቁሚና የግራውን ተረከዝ ቀስ አድርገሽ መሬት አስነኪ። ፊት ለፊትሽ መስታወት ይኑር። ቀኝ ጉልበትሽ ወዴት እንደሚሄድ እዪልኝ። ጫማሽንም ንገሪኝ።

ማለዳ (ደብረ ብርሃን)

ፊዚዮ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሌሎቻችሁም እንዲሁ። ድምፁ የአጥንት መፋቅ አለመሆኑን መስማቴ ብቻ ግማሹን አሻለኝ።

ያልከውን ደጃፋችን ላይ ሞከርኩት። እህቴ መስታወት ይዛልኝ ቆመች። በግራ እግሬ ስቆም ጉልበቴ ከእግሬ ጣቶች ትይዩ ነው የሚወርደው። በቀኙ ግን ገና ሳልወርድ ወደ ውስጥ ይወድቃል፣ ወደ ግራው ጉልበት ማለቴ ነው፣ ዳሌዬም በግራ በኩል ዝቅ ይላል። ይንቀጠቀጣልም። አይቼው ስለማላውቅ ገረመኝ።

ጫማው ሰልባጅ ነው፣ ውጫዊው ጥሩ ይመስላል። አሁን ገልብጬ ሳየው የቀኙ ተረከዝ በውጭ በኩል ተበልቷል። እኔ በላሁት ወይስ ከነበረው ባለቤት የመጣ፣ አላውቅም።

ሸኖ

ማለዳ፣ ክለብ ውስጥ ለዓመታት ሮጫለሁ፣ አሁን ለራሴ ነው የምሮጠው። ፊዚዮ ስለ ሰውነቱ የተናገረውን አልነካም። እኔ ስለ አሯሯጡ ልጨምር።

እርምጃሽን ቁጠሪ። ሜዳ ላይ በተለመደው ፍጥነትሽ ስትሮጪ ቀኝ እግርሽ በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ መሬት እንደሚነካ ቁጠሪና በ4 አባዢው። አዲስ ሯጭ ብዙ ጊዜ እርምጃው ረጅም ነው፣ እግሩን ወደፊት ወርውሮ በተረከዙ ያርፋል፣ ጉልበቱ ተዘርግቶ ምቱን እንዳለ ይቀበላል። ለምሳሌ 160 ከሆንሽ 168 ለማድረግ ሞክሪ፣ ከዚያ በላይ አትቸኩዪ። ፍጥነትሽ ያው ይሁን፣ እርምጃሽ ብቻ አጠር ብሎ ይፍጠን። እግርሽ ከሰውነትሽ ሥር ሲያርፍ ጉልበት ላይ የሚመጣው ጫና ይቀንሳል። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ባትሽ ሊደክም ይችላል፣ እሱ የሚጠበቅ ነው። ስትሮጪ ጆሮሽን ጣል አድርጊ፣ ኮቴሽ ጧ ጧ የሚል ከሆነ እርምጃሽ ረዝሟል።

ሁለተኛው አስፋልቱ ነው። የአዲስ አበባ መንገድ ጠርዙ ወደ ውጭ ያዘነብላል፣ ውሃ እንዲወርድ ተብሎ የተሠራ ነው። ሁልጊዜ በአንድ በኩል የሚሮጥ ሰው አንዱ እግሩ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ እያለ ነው የሚሮጠው። ወዲያና ወዲህ እየተሻገርሽ አመጣጥኚው እንዳልልሽ ሲኖትራኩ አለ፣ ከኋላሽ የሚመጣ መኪና ላይ ጀርባሽን አትስጪ። ከአስፋልቱ ውጪ። ደብረ ብርሃን ዙሪያው የግጦሽ ሜዳ ነው፣ ክረምቱ አሁን ስለወጣ ሣሩ ለስላሳ ነው። ጉድጓዱን ብቻ እያየሽ ሩጪ፣ ጠዋት ጤዛው ስለሚሸፍነው ቁርጭምጭሚት ይጠመዝዛል።

ሦስተኛው ፍጥነት ነው። ከጓደኞችሽ ጋር እያወራሽ መሮጥ ካልቻልሽ ፈጥነሻል። በዚህ ከፍታ አዲስ አበባ ላይ ከሚሮጡት እኩል አልሮጥኩም ብለሽ አትቆጪ፣ ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ትልልቆቹ አትሌቶችም ቢሆኑ የማገገሚያ ቀናቸው ላይ ብታያቸው ከኋላቸው የምትደርሺባቸው እስኪመስልሽ ድረስ ቀስ ብለው ነው የሚሮጡት።

ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪና ከኋላ በኩል በዓይንሽ ትይዩ እዪው። ቀጥ ብሎ ካልቆመ፣ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ፣ የሌላ ሰው አረጋገጥ ነው የተሸከምሽው፣ ለመራመጃ አድርጊው። አዲስ የምትገዢው ውድ መሆን የለበትም። አድርገሽው ሱቁ ውስጥ ዱብ ዱብ ስትዪ ምንም የማይቆረቁርሽ፣ ከፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ የሚተርፍሽ ይሁን። የሩጫ ጫማ እንደ ሰዉ ክብደትና እንደ መንገዱ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ያገለግላል ይባላል። ሰልባጁ ስንቱን እንደጨረሰ ማን ያውቃል።

ጉዶ በረት ወንድሜ፣ አበበ የሁላችንም ኩራት ነው። ግን እሱ ከልጅነቱ ጀምሮ በባዶ እግሩ መሬት የረገጠ ሰው ነበር። በ1964 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ላይ ደግሞ ጫማ አድርጎ ነው የሮጠው፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ። ሜክሲኮ ላይ በ1968 እ.ኤ.አ. ጉዳቱ ሲብስበት አቋርጦ ወጣ፣ ወርቁን ማሞ ወልዴ ወሰደው። አበበን የሚያህል ሰው እንኳ እግሩ እምቢ ሲል አቁሟል፣ ለእኔ ከባዶ እግሩ በላይ የሚያስተምረኝ እሱ ነው። ማለዳ እኮ ቢሮ ጫማ አድርጋ የኖረች ናት፣ በአንዴ ብታወልቅ ጫናው ከጉልበቷ ወርዶ ባቷንና የውስጥ እግሯን አጥንት ነው የሚመታው።

ጉዶ በረት

ልክ ነህ ሸኖ፣ ስለ ቶኪዮው አላሰብኩትም ነበር። እኔም ለራሴ ሣሩ ላይ ነው የምሮጠው፣ ለእሷ ያሰብኩትም እሱን ነው።

ፊዚዮ_ሸዋ

ማለዳ፣ ደጃፍ ላይ ያየሽው ነገር ብዙውን ተናግሯል። ጉልበት ወደ ውስጥ የሚወድቀው በራሱ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ከላይ ዳሌን የሚይዘው የጎንና የመቀመጫ ጡንቻ ስለደከመ ነው። ቁጭ ብሎ የሚውል ሰው ላይ እሱ ይሰንፋል። ስለዚህ ጉልበትሽን የምናክመው በአብዛኛው ከጉልበትሽ በላይ ነው።

በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሩጫ በሌለበት ቀን ወይም ከሩጫ በኋላ፣ ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ የሚሠራ ነው። በጀርባሽ ተኝተሽ ጉልበትሽን አጥፈሽ መቀመጫሽን አንሺ፣ ላይ ስትደርሺ ቆም በዪ፣ ቀስ ብለሽ አውርጂ። ሲቀልልሽ በአንድ እግር። ከዚያ በጎንሽ ተኝተሽ የላይኛውን እግር ቀጥ አድርገሽ አንሺ። እግርሽ ወደፊት እንዳይመጣ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ይሁን፣ ሲቃጠልሽ ከዳሌሽ ጎን ላይ ከሆነ በትክክል እየሠራሽ ነው። ግድግዳ ተደግፈሽ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሰው ዝቅ ብለሽ መቆየትም አለ፣ ግን ህመም እስከማይሰማሽ ድረስ ብቻ ዝቅ በዪ፣ ሙሉ ቁጭ ብድግ ለጊዜው ይቆይ። በእግር ጣት መቆምም ጨምሪበት፣ በሁለት እግር ጀምረሽ ወደ አንድ።

ዋናው ግን ያ የደረጃው ነገር ራሱ ነው። ፈተና የነበረው ልምምድ ይሆናል። ዝቅ ካለ ደረጃ ጀምሪ፣ ጉልበትሽ በሁለተኛው የእግር ጣትሽ አቅጣጫ እንዲወርድ እያየሽ፣ በጣም ቀስ ብለሽ። አሥር ጊዜ በደንብ ከሠራሽ ይበቃል፣ አሥራ አምስት ጊዜ እየተንቀጠቀጡ ከመሥራት ይሻላል። ግራውንም አትርሺ።

በሁለት ሳምንት ካልዳንኩ ብለሽ እንዳትተዪው። ጡንቻ ለመጠንከር ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ህመሙ ከዚያ በፊት መቅለል ይጀምራል። ወር ሙሉ በትክክል ሠርተሽ ምንም ለውጥ ካላየሽ ግን በአካል የሚያይሽ ባለሙያ ፈልጊ። ኅዳር ላይ 10 ኪሎ ሜትሩን እየሮጥሽና እየተራመድሽ መጨረስ ይቻላል ብዬ አስባለሁ። ሰዓት መያዝ ግን ለከርሞ ይቆይ።

ሰላ ድንጋይ

በሷ ጥያቄ ላይ ስለገባሁ ይቅርታ። ታናሽ ወንድሜ 14 ዓመቱ ነው፣ የታዳጊ ፕሮጀክት ውስጥ ይሮጣል። ከሎሚው በታች ቅልጥሙ አናት ላይ እንደ ጉብታ ያለ ነገር ወጥቶበታል፣ ሲነካ ያመዋል፣ ሲንበረከክ ይጮኻል። አሰልጣኙ ቻለው ይለዋል። ይሄም ያው ነው?

ፊዚዮ_ሸዋ

ሰላ ድንጋይ፣ ይሄ ሌላ ነው፣ በደንብ የታወቀም ነው። በዚያ ዕድሜ አጥንት ቶሎ ይረዝማል፣ የጭኑ ጅማት የሚያያዝበት ቦታ ደግሞ ገና አልጠነከረም፣ ሲሮጥና ሲዘል ይጎተታል። ኦስጉድ ሽላተር ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ እድገቱ ሲያበቃ ይለቃል፣ ጉብታው ሊቀር ይችላል፣ አይጎዳውም። ግን "ቻለው" የሚባል አይደለም። ዝላይና ፈጣን ሩጫው ይቀነስለት፣ ህመሙ በሚፈቅደው መጠን ይለማመድ። አንድ ጊዜ ሐኪም ቢያየው ጥሩ ነው፣ በተለይ ሌሊት የሚያመው ወይም ሳይሮጥም የሚያብጥ ከሆነ አትዘግዩ። አሰልጣኙንም በአክብሮት አናግሩት። ልጅ ስለሆነ አመመኝ ሲል ሰነፈ አይባልም።

የአንኮበሯ

ልጄ ማለዳ፣ እኔ ሯጭ አይደለሁም፣ ዕድሜዬም ገፍቷል። እናትሽ የተናገሩት ግን አላስቀምጥ አለኝ። እኛ በልጅነታችን አንኮበር ላይ እንስራ አዝለን ያንን ዳገትና ቁልቁለት ስንመላለስ የሴት ጉልበት አይችልም ያለን ሰው አልነበረም። እናትሽም ሳያዝሉ ያደጉ አይመስለኝም። ፈርተውልሽ ነው እንጂ ጉልበትሽ ሴት ስለሆነ አይደለም፣ እንዲህ ብለሽ በፍቅር አስረጃቸው። ጠዋት አብረውሽ ሜዳው ድረስ በእግራቸው ይውጡ፣ አንቺ ዱብ ዱብ ስትዪ እሳቸው ይራመዱ። አየሩም ለሳቸው ጥሩ ነው።

ፊዚዮ ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እኔ ጉልበቴን ስግደት ላይ ነው የሚያመኝ። ሁለቱንም። ጠዋት ስነሳም ግትር ይልብኛል፣ ትንሽ ስራመድ ይለቀኛል። ሰው ሁሉ መራመድ አቁሚ ይለኛል።

ፊዚዮ_ሸዋ

እማማ፣ መራመዱን እንዳያቆሙ። እርስዎ ያሉት፣ ጠዋት ገትሮ ትንሽ ሲራመዱ የሚለቅ ህመም፣ በዕድሜ የሚመጣው የመገጣጠሚያ መበላት ይመስላል፣ ለሱም ቢሆን እንቅስቃሴ መድኃኒቱ ነው። ሜዳ ላይ ይራመዱ። ከወንበር ላይ በእጅዎ ሳይደገፉ መነሳትና መቀመጥን በቀን ጥቂት ጊዜ ይለማመዱ፣ መጀመሪያ ከፍ ያለ ወንበር ይምረጡ። ስግደቱን ደግሞ ለንስሐ አባትዎ ይንገሯቸው፣ አቅምና ሕመም አይተው የሚሆነውን ይነግሩዎታል። በጉልበትዎ ሲንበረከኩ ወፍራም ነገር ከሥር ያድርጉ። ሐኪም ዘንድ ሄደው አንድ ጊዜ ቢታዩም መልካም ነው።

ባሶና

ከዚህ ብዙ ተማርኩ። አጎቴን ጠየቅኩት፣ የሱ ጉልበት ከበቅሎ ወድቆ የተጎዳ ነው እንጂ ከመሮጥ አይደለም። ማለዳ፣ ሙሉ በሙሉ ተይው ያልኩሽን ትቼዋለሁ። በርቺ።

ማለዳ (ደብረ ብርሃን)

የአንኮበሯ እናቴ፣ ያሉትን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችና "እንስራውስ እውነት ነው" አለች። ሜዳው ድረስ ለመውጣት ግን ብርዱ ይቀንስ ብላለች፣ ጋቢ ደርባ እንደምትመጣ ተስማምተናል።

ሸኖ፣ እርምጃዬን ቆጠርኩ፣ 152 ነው። ከጓደኞቼ ሁሉ ያነሰ ነው። አሳጥሬ ስሞክር መጀመሪያ የልጅ ሩጫ የምሮጥ መሰለኝ፣ ቆይቶ ግን ጉልበቴ ላይ ቀለል አለኝ፣ ባቴ ግን እንዳልከው ደከመ። ልምምዶቹን ጀምሬያለሁ፣ የጎኑ በጣም ይከብዳል።

ለመስቀል ደብረ ሲና እወርዳለሁ፣ የአጎቶቼ ልጆች ያንን ቁልቁለት እንድገመው እያሉ ነው። ሌላው ጥያቄዬ ፋርማሲ የሚሸጠው የጉልበት ማሰሪያ ነው። ልግዛ?

ሸኖ

152 ከሆነ 160 ይብቃሽ ለጊዜው፣ እንደለመድሽው ትጨምሪያለሽ። ደብረ ሲና ላይ ደግሞ ነገሩን ገልብጪው። ዳገቱን አብራችሁ በእርምጃ ውጡ፣ ዳገት ትንፋሽን ነው የሚፈትነው፣ ጉልበት ላይ ያለው ምት ይቀንሳል። ባትሽ ሲደክም አቁሚ። ለመውረድ መኪና ያዙ። መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፣ ጉም ሲወርድ ሹፌር ሰው አያይም፣ ደመቅ ያለ ልብስ ልበሱና መኪና በሚመጣበት ፊት ለፊት ሂዱ። ልጆቹ ቁልቁል ካልሮጥን ካሉ ይሩጡ፣ አንቺ ግን ከኅዳር በፊት አይሆንም በያቸው።

ፊዚዮ_ሸዋ

ማሰሪያውን በተመለከተ፣ አንዳንድ ሰው ላይ ህመሙን ለጊዜው ያቀልላል፣ ስትሮጪ ድፍረት ከሰጠሽ መጠቀም ትችያለሽ። ጡንቻ ግን አይሠራልሽም። የምትገዢ ከሆነ ሎሚው ላይ ክፍት የሆነውን ምረጪ፣ ለክተሽ፣ ቆመሽም ተቀምጠሽም ሞክረሽ። ባትሽ ከደነዘዘ ወይም ቁርጭምጭሚትሽ ካበጠ ጠብቋል ማለት ነው፣ ወዲያው አውልቂው። ተኝተሽ አታድርጊው፣ ቢሮም አያስፈልግሽም። ቢሮ የሚያስፈልግሽ በየግማሽ ሰዓቱ እግርሽን ዘርግተሽ አጥፈሽ ብድግ ማለት ነው። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ግን ማሰሪያውን ትተሽ ጫማውን ግዢ።